ጀርባውን የሰጠኝ ካርድ

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
ቅዳሜ፣ ኅዳር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሚኒያፖሊስ ለሚገኘው ለልጄ ለሱሀይል ከሊፋ፤

አሰላሙ አለይኩም። የአላህ ሰላም አንተ ባለህበት ቤት በደጃፉም በመስኮቱም ይግባ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ጉልበቴን ያመኛል፤ ሰባ ስድስት ዓመት ተሸክሞኝ ቢያመው አይፈረድበትም። ይህን የምትጽፍልኝ ራቢያ ናት፤ ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ የምትኖረው፣ ሪከንባከር አየር ማረፊያ ካርጎ የምትሠራው የሐይቅ ልጅ። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ቃሌን እንዳታሳምረው አስምያታለሁ። "ጋሼ፣ ስድብ ካለበትስ?" አለችኝ። ስድብም ካለበት ጻፊ አልኳት።

ይቅርታ ልጠይቅህ አይደለም። ስድስት ዓመት ሙሉ ኮል ያላደረገ ልጅ ነው ይቅርታ የሚጠይቅ። ያጻፍኩህ የአንተ ንብረት እጄ ስለገባ ነው። አማና ነው፣ አደራ። የሰው አማና ይዤ አልሞትም።

ከግሮቭፖርቱ መጋዘን፣ ከዌርሃውሱ፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ በእግሬ እዞራለሁ። ከልብስ ማጠቢያው ጎን የኳስ ተጫዋቾች ካርድ የሚሸጥበት አንድ ሱቅ አለ። የዛሬ አራት ዓመት ዝናብ ሲይዘኝ ገባሁ። መስታወቱ ውስጥ ካሉት አንዱ ካርድ የእኔን የወር ኪራይ ያህላል። ወለሉ ላይ ግን የጫማ ካርቶን ተቀምጧል፤ ከሱ ውስጥ የመረጥከው በአንድ ዶላር ነው። ጎንበስ ብዬ ሳገላብጥ አንድ ፊት አየኝ፤ እኔም አወቅኩት። ከንፈሩ ላይ ጠባሳ ያለው ያ ረጅሙ ሰውዬ። እሳት ውስጥ ስከተው መጀመሪያ የተጠቀለለው ከንፈሩ ነበር።

ፊደል እንደሌለኝ ታውቃለህ። ፊደል የሌለው ሰው ፊት አለው። ዌርሃውስ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሣጥን የለየሁት በጽሑፉ አይደለም፣ በመልኩ ነው፤ አንድ ቀን ተሳሳትክ ያለኝ ሱፐርቫይዘር የለም። የአንተን ስልሳ ሦስት ካርድ አንድ በአንድ ነው ያቃጠልኩት፤ ስልሳ ሦስቱም ፊት ከእኔ ጋር ነው ያለው።

ዶላሬን ከፍዬ ወሰድኩት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ አገኘሁ። ከዚያ ሕግ አወጣሁ፤ በሳምንት ከሁለት ካርድ አላልፍም። መድኃኒት የተወደደ ወር አንድ፣ ረመዳን ላይ ምንም። ባለሱቁ ጺሙ ነጭ የሆነ ፈረንጅ ነው፤ "ፓፓ" ይለኛል፤ ከኔ በዕድሜ የሚያንስ አይመስለኝም። አንድ ጊዜ የታሸገውን ፓኬት አንስቶ ክፈተው፣ ዕድል ካለህ ትልቅ ይወጣልሃል ብሎ በእጁ አሳየኝ። "ቁማር ነው፣ ሐራም" አልኩት በአማርኛ። ገባው። እኔ ያየሁትን ነው የምገዛው። በጠርዙ እንድይዘው፣ ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጌ ጭረቱን እንዳይ ያስተማረኝ እሱ ነው። ካርቶኑ ውስጥ የሚጣለው ጥጉ የታጠፈ፣ ፀሐይ የበላው፣ ልጅ እስኪርቢቶ ያሳረፈበት ነው። እኔ ነጋዴ አይደለሁ፤ የታጠፈውን ስጠኝ። ባለ ዘጠኝ ኪስ የፕላስቲክ ገጽ ሰባት ገዛሁና አልበም ውስጥ አደረግኳቸው። እንዲህ እንዲህ ስል ስልሳ ሁለቱን አገኘሁ።

አንዱ ጠፋ። ያ አሥራ አራት ቁጥር የለበሰው፣ ኳሱን ትቶ ሰው የሚያየው። የሰባተኛው ገጽ መሀል ኪስ ለእሱ ባዶዋን ቆየች።

ይህን ስናገር ራቢያ ብዕሯን አቆመች። "ጋሼ፣ ለምን አቃጠሏቸው?" አለች። አንተ ታውቃለህ፤ እሷ ትስማው ብዬ ነው የምናገረው።

እናትህ ሐናን ሳሎን ተኝታ ነበር። ዶክተሮቹ እጃቸውን አንስተዋል። እኔ ከልጅነቴ የሰማሁት ሥዕል ያለበት ቤት የራሕመት መላኢካ፣ የምሕረት መልአክ፣ አይገባም ሲባል ነው። ቤቱን ዞሬ አየሁ፤ ያለው ሥዕል የአንተ ካርድ ብቻ ነው። ሳምንት ሙሉ አውጣው አልኩህ፤ ደበቅከው። ከዚያ ከአፓርትመንቱ ጀርባ ያለውን የሥጋ መጥበሻ ግሪል አነደድኩ። አቁሜህ አንድ በአንድ ከተትኩት። አሥራ አራት ቁጥሩን መጨረሻ ላይ ከእጅህ ነጠቅኩህ። "እናትህ ዘንድ መላኢካ እንዳይገባ የከለከልከው አንተ ነህ" አልኩህ። አሥራ ሁለት ዓመትህ ነበር። በእንግሊዝኛ አራት ቃል መለስክልኝ። ድምፁ ጆሮዬ ውስጥ ነው፤ ትርጉሙን እስከ ዛሬ ማንንም አልጠየቅኩም።

በአራተኛው ቀን መላኢካ ገባ። የገባው ግን ነፍስ የሚወስደው ነበር።

ከቀብሩ በኋላ የመስጊዳችንን ሼክ ጠየቅኳቸው። "የተሰቀለ ነገር አይደለ፣ ሣጥን ውስጥ የተከደነ የሕፃን መጫወቻ ምን አደረገህ?" አሉኝ። ይህን አልነገርኩህም። ሃያ አንድ ዓመት ሆነው። አሁን ነገርኩህ።

የአሥራ አራት ቁጥሩን ነገር ስማ። ባለፈው መስከረም ሱቁ ስገባ ካርቶኑ ውስጥ ከሁሉ ፊት አንድ ካርድ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሟል። ገለበጥኩት። እሱ ነው። አንዱ ጥጉ ጠቁሯል፤ እሳት የበላው ጥቁረት ነው። አሸተትኩት። ከሰሉ ላይ ያፈሰስኩት ጋዝ ሸተተኝ። ማን አመጣው ብዬ ባለሱቁን ብጠይቀው ትከሻውን ሰበቀ። አመድ እስኪሆን ቆሜ ያየሁት ካርድ ነው እኮ። ሌላ ተመሳሳይ ይኖራል ብዬ አንድ ዶላሬን ከፈልኩ፤ መሀል ኪሷ ውስጥ አስገባሁት፤ ፊቱን ወደ እኔ።

ዙሁር ደረሰ። አልበሙን ዘግቼ መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ሰገድኩ። አሰላምቼ ዞር ስል አልበሙ ጠረጴዛው ላይ ነው። ሰባተኛው ገጽ ተከፍቷል። በገጹ ያሉት ስምንቱ ያዩኛል፤ አሥራ አራት ቁጥሩ ጀርባውን ሰጥቶኛል።

ሌሊት ቢሆን ጅን ነው ብዬ እተወው ነበር። ይሄ በጠራራ ፀሐይ፣ የበሩ ሰንሰለት ከውስጥ ተቀርቅሮ ነው። በማግስቱም እንዲሁ። ከቁርኣን አያተል ኩርሲ ቀራሁበት። አልበሙን በላስቲክ አሰርኩት፤ ላስቲኩን የበሩ እጀታ ላይ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። ብረት ድስት ጫንኩበት፤ ድስቱ ምድጃው ላይ ተመልሷል። እኔ ከሊፋ ለጌታም ለሹፌርም ያልተለማመጥኩ ሰው፣ በአንድ ቁራጭ ካርቶን ተቆጣሁ። "ዞር በል ወደዚህ፣ ትልቅ ሰው ነው የሚያናግርህ" አልኩት። ሳዞረው ይዞራል። ሰግጄ ስመለስ ጀርባውን ሰጥቶኛል። ጀርባው ላይ በእስኪርቢቶ የተሞነጫጨረ ነገር አለ። ልጅ ያሳረፈበት ነው ብዬ ትቼዋለሁ።

ዛሬ ራቢያ ሮጣ ወረደች። ጋዝ ሸተተኝ አለች። ምድጃውን አጥፍቼዋለሁ፤ ማን እንደከፈተው አላውቅም። መስኮቱን ከፋፍታ ስታበቃ ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ አረፈ።

"ጋሼ፣ ይሄን ካርድ አሁንም ገልብጠውታል።"

"እኔ አልነካሁትም። ራሱ ነው።"

"ምን እንደሚል ያውቃሉ አይደል?"

"ምን ይላል? ሞነጫጭሮበታል እንጂ።"

ካርዱን ከኪሱ አወጣችው። ከዚያ ቀስ ብላ አነበበችልኝ፤ እንግሊዝኛ ነው፤ ወደ አማርኛ መለሰችው። "ይህ ካርድ የሱሀይል ነው። ከጠፋ ለእኔ ለራሴ መልሱልኝ። ለአባቴ እንዳትሰጡት።"

ተቀመጥኩ። አንተ ፊት ለፊቴ ጽፈህ ትራስህ ሥር ታስቀምጠው ነበር ማለት ነው። አባትህ አያነብ፣ ምን ያስፈራህ ነበር። ካርዱም ሁለት ወር ሙሉ በቀን በቀን ያንኑ ሲያሳየኝ ኖሯል፤ እኔ ኩራት መስሎኝ ስቆጣው።

ራቢያ ይህን ስታነብልኝ የዛሬው ሦስተኛዋ ነው ትላለች። አንዴ በጥቅምት፣ አንዴ ባለፈው ሳምንት። ውሸቷን ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ የሚረሳ አባት የለም። ስታለቅስ ስላየሁ ግን አልተከራከርኳትም።

በፖስታ እንላክለት ተባባልን። ካርዱን ፖስታው ውስጥ ከተትነው፤ እሷ በምላሷ አርጥባ አሸገችው፤ እኔ መዳፌን ጫንኩበት። የአስር ሶላት ደረሰ። እኔ ከፊት፣ እሷ ከኋላዬ ሆነን ሰገድን። ስንጨርስ ፖስታው እንደታሸገ ነው። አነሳሁት፤ ቀለለኝ። ራቢያ ቀደደችው። ባዶ ነው። አልበሙ ተከፍቷል፤ እሱም ቦታው ላይ ነው፣ ጀርባውን ሰጥቶ። "ወላሂ ከቦታዬ አልተነሳሁም፣ እርስዎም አልተነሱም" አለች። ይህን መስመር ስትጽፍ ዓይኗ አልበሙ ላይ ነው፤ ፊደሉ ተንጋዶ ካየህ ለዚያ ነው።

እኔ ገብቶኛል። ለራሴ መልሱልኝ ብለሃል። አማና በሰው እጅ አይላክም።

ስለዚህ እመጣለሁ። ደጅህን አልረግጥም ብዬ የማልኩትን መሐላ ሦስት ቀን ጾሜ አወርደዋለሁ። የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት አውቶብስ እሳፈራለሁ፤ እሑድ እደርሳለሁ። ራቢያም ሚኒያፖሊስ ጉዳይ አለኝ፣ ፈቃድ ወስጄ አብሬዎት እመጣለሁ ብላለች። ምን ጉዳይ እንደሆነ ጠይቄያት አልነገረችኝም።

አንድ ነገር ልንገርህ፤ ይህን ለራቢያም አልነገርኳትም፣ አሁን እየጻፈች ትስማው። በቀደም ኢስተን ገበያው አካባቢ አንድ ሰው ጋሼ ብሎ አቀፈኝ። አሥር ዓመት አብሬዎት ሣጥን ያነሳሁ ነኝ አለ። ፊቱን አየሁት። ምንም የለበትም። ወንዝ ዳር እንዳለ ድንጋይ ለስላሳ ሆነብኝ። ቤቴ ገብቼ አልበሙን ከፈትኩ፤ ካርዶቹን አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው። ከስልሳ ሦስቱ ዘጠኙን አላወቅኳቸውም። በሚቀጥለው ቀን አሥራ አንድ ሆኑ። ሰው ሲያረጅ እንዲህ ነው፤ ለወሬ የሚበቃ አይደለም። የአንተ ፊት ግን አለኝ፤ ያ የአሥራ ሁለት ዓመቱ፣ ግሪሉ አጠገብ የቆመው። አሁን ሠላሳ ሦስት ሞልተሃል። ጺም አብቅለህ ይሆናል።

አውቶብሱ ጣቢያ ቆመህ ጠብቀኝ። ሳላውቅህ ካለፍኩህ ኩራት ነው ብለህ እንዳትቀየም። እጅጌዬን ያዘኝ። ድምፅህን አሰማኝ፤ እነዚያን አራት ቃል ብትላቸውም ግድ የለም፣ በድምፁ አውቅሃለሁ።

አላህ ከክፉ ዓይንና ከመንገድ አደጋ ይጠብቅህ። ሪዝቅህን ያስፋልህ፤ እናትህን ጀነተል ፊርደውስ ያስገባት፤ ከእኔ የወረስከውን ግትርነት ያቅልልህ፤ ልጅ ሲሰጥህ መጫወቻውን የማትነጥቅ ያድርግህ። አሚን በል።

ካርዱን ከደረቴ ኪስ ታገኘዋለህ። ጀርባው ላይ አንድ ጽሑፍ አለ፤ የልጅ እጅ ይመስላል። እስከ ዛሬ ማንም አላነበበልኝም። ራቢያ ብዕሯን አቁማ ታየኛለች፤ ጻፊ እንዳልኩሽ አልኳት። ስመጣ አንተ ታነብልኛለህ።

አባትህ
ከሊፋ ይማም
(የአውራ ጣቱ አሻራ)