ያላየሁት ሰዓት

ጥር 5፣ ሰኞ

ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣሁ። ተላጨሁ፤ ሸሚዝ ለወጥሁ፤ ከረባት አሰርሁ። ጣቢያው ስደርስ ቴክኒሻኑ ዛሬም ቀልዱን አላስቀረም።

«ጋሼ፣ ለሬዲዮ ከረባት? ማን ሊያይዎት?»

«ድምፅ ይጨማደዳል» አልሁት።

ሆዱን ይዞ ሳቀ። ይሣቅ።

አምስት ደቂቃ ሲቀረው ከማይክሮፎኑ ፊት ተቀመጥሁ። ዐይኔን ከግድግዳው ሰዓት ላይ አልነቀልሁም። ቀጭኗ የሰከንድ ቆጣሪ ዐሥራ ሁለት ቁጥርን ስትነካ… «ጤና ይስጥልን፤ ጊዜው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው።» ሠላሳ ስምንት ዓመት፣ በየማለዳው ይህችው ዓረፍተ ነገር። የከተማው ሰው ስሜን ትቶ «ጋሽ ሰዓቱ» ይለኛል። ሲጠሩኝ ያልሰማሁ እመስላለሁ እንጂ ደስ ይለኛል።

ያሠለጠኑን መምህር ጨካኝ ነበሩ። አንዲት ቃል ያደናቀፈችውን ሰው ገጹን ሃያ ጊዜ ያስነብቡት ነበር። «ዜናውን እንደተጻፈልህ አንብብ፤ ሰዓቱን ግን አይተህ ተናገር። ያላየኸውን ሰዓት እንዳትናገር!» አልተናገርሁም። አንድም ቀን።

ከሥራ በኋላ ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ እኅቴ ዘንድ ሄድሁ። ታላቄ ናት። ስኳሩ ዐይኗን ከወሰደው ስድስት ዓመት ሆነው። እኔ አንድ ሰዓት ነው ስል ትራሷ ሥር ካለው ብልቃጥ አንዲት ኪኒን አውጥታ ትውጣለች፤ ወዲያው ቁርሷን ትበላለች። ሌላ ሰው ሰዓቱን ቢነግራት አትቀበልም፤ አብራት የምትኖረው ልጇም ብትሆን። ገና ደጃፉን ስረግጥ፦

«ደወሉ፣ ዛሬ ጉንፋን ቢጤ ይዞሃል።»

በልጅነቴ ስጮህ ሰፈር እቀሰቅስ ስለነበር ያወጣችልኝ ስም ነው። በሰባ አንድ ዓመቴም ደወሉ ነኝ።

ጥር 8፣ ሐሙስ

ኃላፊው ስብሰባ ጠራ። ዜና አነባበብ ያስተማርሁት እኔ ነኝ፤ ዛሬ በሚሽከረከር ወንበር ላይ ተቀምጦ ያስተምረኛል። ማሠራጫው አርጅቷል፤ መለዋወጫ አይገኝም፤ ወጣቱ ሁሉ ስልክ ላይ ነው። ስለዚህ የወሩ መጨረሻ ቀን ማሠራጫው ይዘጋል፤ ጣቢያው በኢንተርኔት ይቀጥላል። ፕሮግራሙ አስቀድሞ ይቀዳል፣ ስልክ ላይ ይጫናል… እንዲህ ያለ ነገር።

«ድምፁ ያው ነው ጋሼ፤ መንገዱ ብቻ ነው የሚለወጠው። እንዲያውም ሰው በፈለገው ሰዓት ይሰማዎታል።»

«በፈለገው ሰዓት?»

«አዎ። ከሰዓት፣ ማታ፣ በሳምንቱም ቢሆን።»

«ታዲያ እኔ ስንት ሰዓት ነው ልበል?»

ክፍሉ በሣቅ ተሞላ። ቀልድ መስሏቸው ነው።

ጥር 9፣ ዓርብ

ስለ ትናንቱ ልጽፍ ተቀምጬ ነበር… ተውሁት። ሸሚዝ ተኮስሁ።

ጥር 15፣ ሐሙስ

ለእኅቴ ነገርኋት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝና፦

«አንተስ? የት ልትሆን ነው?»

«በስልክ እመጣለሁ።»

«በስልክ? እንደ መርዶ?»

ልጇ ሣቀች። ባንክ ቤት የምትሠራ፣ ቁጥብ፣ ለእናቷ የተፈጠረች ልጅ ናት። «እማዬ፣ አሮጌውን ስልኬን አልጋሽ አጠገብ አስቀምጥልሻለሁ። አጎቴ ቀኑን ሙሉ ያጫውትሻል።»

«ቀኑን ሙሉ? እሱን ግማሽ ሰዓትም የቻልኩት በግድ ነው!»

ሦስታችንም ሳቅን። እኔ ግን በመልሱ መንገድ አንድ ፌርማታ አልፌ ወረድሁ። ምን እያሰብሁ እንደነበር አላስታውስም።

ጥር 28፣ ረቡዕ

የመጀመሪያው ቀረጻ። ሦስት ፕሮግራም በአንድ ጊዜ። የሰኞ፣ የማክሰኞና የረቡዕ ጠዋት… ሁሉም ዛሬ ከሰዓት በኋላ።

«ጤና ይስጥልን፤ ጊዜው ከጠዋቱ…» ከማለቴ ቴክኒሻኑ እጁን አነሣ።

«ጋሼ፣ ሰዓት አይነገርም። ማን መቼ እንደሚከፍተው አናውቅማ።»

«ሰዓት የማይናገር ሬዲዮ ምን ይባላል?»

«ሬዲዮ አይደለማ!»

ኃላፊው ተጠራ። እንደ ሕፃን ሊያባብለኝ ሞከረ። «ሰዓቱ ብቻ ይቅር ጋሼ፤ ሌላው ሁሉ እንደነበረ ነው።» ከረባቴን አስተካከልሁና «ሰዓቱ ከቀረ እኔም ልቅር» አልሁት። ራሱን አከከ። «ይሁን፤ ለእርስዎ ሲባል» ብሎ ወጣ።

አሸነፍሁ። ነገር ግን አፌን ስከፍት ዐይኔ እንደ ልማዱ ወደ ግድግዳው ሄደ። ዘጠኝ ሰዓት ከሠላሳ አምስት። ከዚያ «አንድ ሰዓት ነው» አልሁ። ሦስት ጊዜ።

ስልክ ላይ የሚወጣው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ስለሆነ ውሸት አይባልም። አይባልም… ወይስ?

ጥር 30፣ ዓርብ

ማሠራጫው ዛሬ በስድስት ሰዓት ተዘጋ። ሰዓቱን አይቼ ተናገርሁ፤ አድማጮቼን አመሰገንሁ፤ ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ቴክኒሻኑ ማብሪያውን ዝቅ ሲያደርግ እስከ ዛሬ መኖሩን እንኳ ረስቼው የነበረው የማሽኑ እዝ የሚል ድምፅ ቆመ።

ስወጣ ጥበቃው ትንሿን ሬዲዮውን በመዳፉ ይመታል። ባትሪዎቹን አውጥቶ ፀሐይ ላይ አሰጣቸው። «ደክመው ነው ጋሼ፤ ትንሽ ሲሞቃቸው ይነሣሉ።» የነገረው ሰው አልነበረም ማለት ነው። እኔም አልነገርሁትም።

የካቲት 3፣ ሰኞ

እየተላጨሁ ራሴን ሰማሁ። «ጊዜው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው።» ልክ ነበር። እኔ ግን እዚያ አልነበርሁም… ጉንጬ ላይ አረፋ ነበር።

እኅቴ ኪኒኗን በሰዓቱ ውጣለች። እስከ ረቡዕ ልጇ ዕረፍት ስለወጣች አጠገቧ ናት።

«እንዴት ሰማሽኝ?»

«ያው አንተ ነህ። ግን ሩቅ ነህ። ጉድጓድ ውስጥ ሆነህ እንደምታወራ።»

የካቲት 6፣ ሐሙስ

የእኅቴ ልጅ ማታ ደወለች። እናቷ ሆስፒታል ናት። ሌላ መጻፍ አልችልም።

የካቲት 7፣ ዓርብ

የሆነው እንዲህ ነው። ልጅቱ ትናንት ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እናቷ እንዳይከፋት ስልኩን ክፍት ትታላት ሄደች። አንዱ ፕሮግራም ሲያልቅ ሌላው በራሱ ይከተላል። ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጎረቤቲቱ ስትገባ እኅቴ በላብ ተጠምቃ፣ ራሷን ስታ አገኘቻት። ሐኪሙ ስኳሯ ከመጠን በላይ ወርዷል አለ። በብልቃጡ ውስጥ መኖር ከሚገባው ሁለት ኪኒን ይጎድላል። ጠዋት በሥርዓቱ የዋጠቻት ሳትቆጠር።

«ስልኩን ትቼላት የሄድኩት እኔ ነኝ… እኔ ነኝ…» ትላለች ልጅቱ። ጎረቤቲቱም አላዘነችላትም። «እናትሽን ለዕቃ አደራ ሰጥተሽ!»

እኔስ? ባርኔጣዬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥሁ። ጎረቤቲቱ ወደ እኔ ዞር ብላ «አይደለም እንዴ ጋሼ?» ስትል ራሴን ነቀነቅሁ። አዎን፣ ነቀነቅሁ።

ቤት ገብቼ ለኃላፊው ሦስት ገጽ አቤቱታ ጻፍሁ። ስለ ኢንተርኔት ድምፅ አደገኛነት፣ ጠዋትን ከማታ ስለማይለይ ማሽን፣ ስለ አድማጭ ሕይወት። ስርዝ ድልዝ የለውም። በሕይወቴ ከጻፍሁት ሁሉ ያማረ ነው።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

ነቃች። እጇ ላይ መርፌ ተሰክቷል፤ ከንፈሯ ደርቋል። እጄን ዳብሳ ያዘችኝ።

«ደወሉ፣ ስንት ሰዓት ነው?»

የእጅ ሰዓቴን አየሁ። «አራት ሰዓት ከሩብ።»

«የቀን?»

«የቀን፣ እትዬ።»

እንዲህ ጠይቃኝ አታውቅም። ቆየት ብላ ራሷ አወራችው። «ከምሳ በኋላ አሸለበኝ። ስነቃ አንድ ሰዓት ነው አልክ። ዋጥኩ። ቁርሴን ባስስ የለም፤ ልጄ ረስታው ነው ብዬ መልሼ ተኛሁ። ደግሞ ስነቃ፣ ደግሞ አንድ ሰዓት ነው አልክ…»

«እትዬ፣ ገና ቀን መሆኑ አልታወቀሽም?»

«ታውቆኛል እንጂ። ፀሐይዋ ፊቴ ላይ ነበረች፤ ማታ ማታ በምትገባበት መስኮት በኩል። ሞቃኛለች። ግን አንተ አንድ ሰዓት ነው አልክ።»

ወጣሁ። ኮሪደሩ ውስጥ ቆምሁ። ፀሐይ ፊቷ ላይ እያለች… እኔን አመነች።

የካቲት 9፣ እሑድ

አቤቱታውን ቀደድሁት። ማሽኑ ምን አደረገ? ያልሁትን አለ።

የእኅቴን ልጅ ከሆስፒታሉ ደረጃ ላይ አገኘኋት። ቁጭ ብላ ዳቦ ትቆርሳለች፤ አትበላውም። ከረባቴን ላላ አደረግሁት።

«ሰዓቱን አይናገሩ ብለውኝ ነበር። ቴክኒሻኑም፣ ኃላፊውም። እምቢ ያልሁት እኔ ነኝ። ከሰዓት በኋላ ተቀምጬ ጠዋት ነው ያልሁት እኔ ነኝ።»

የዳቦውን ፍርፋሪ ከቀሚሷ ላይ አራገፈች።

«ሦስት ቀን ሙሉ ሳለቅስ እያዩኝ?»

ተነሥታ ገባች። ግቡ አላለችኝም።

የካቲት 10፣ ሰኞ

ጣቢያው ሄድሁ። ቴክኒሻኑ ሰዓቱን ከየፕሮግራሙ እየቆረጠ አወጣ። የቆረጠውን ለማረጋገጥ አንድ ጊዜ አከታትሎ ከፈተው። «አንድ ሰዓት ነው። አንድ ሰዓት ነው። አንድ ሰዓት ነው።» አእምሮውን የሳተ ሰው ይመስላል። ቴክኒሻኑም ለመጀመሪያ ጊዜ አልሳቀም።

ኃላፊውን ከእንግዲህ አልቀዳም አልሁት። አዘነ፤ እውነት አዘነ። «ጋሼ፣ ይህን ያህል ራስዎን አይቅጡ። እውነቱን ልንገርዎት? ሰዓቱን ያስተዋለ ሰው የለም። አንድ ሰው እንኳ አልጻፈልንም።»

«አንድ ሰው አለች» አልሁት።

ቴክኒሻኑ የስቱዲዮውን የግድግዳ ሰዓት አውርዶ በጋዜጣ ጠቀለለልኝ። «እዚህ ከእንግዲህ የሚያየው የለም ጋሼ።» በአውቶቡስ ጉልበቴ ላይ ይዤው መጣሁ። ሲሄድ ይሰማኛል።

የካቲት 24፣ ሰኞ

እኅቴ ቤቷ ገብታለች። ከስታለች። ስልኩን ከአልጋዋ አጠገብ አንሡልኝ ብላለች። ሰዓት በጠየቀች ቁጥር አንዱ ሲነግራት ጥያቄውን ለሌላው ትደግመዋለች። ለልጇ፣ ለጎረቤቲቱ፣ ለእኔ። ሦስቱ ካልገጠሙ አትውጥም። ዛሬ እኔ «ዐሥር ሰዓት» ስል ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረችና ጉንጯን ለፀሐይ ሰጠች። እየመረመረችኝ።

ልጇ «እንደምን ዋሉ» ትለኛለች። ከዚያ ያለፈ የለም።

መጋቢት 4፣ ሐሙስ

ልጅቱ እስከ በር ሸኘችኝ። ዐይኔን ሳታይ፦

«ጠዋት ከቤት የምወጣው በአሥራ ሁለት ተኩል ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ገና ነው ብላ አትውጥልኝም። ከነገ ወዲያ ጀምሮ እርስዎ ይደውሉላት። ቁርሷን አጠገቧ አስቀምጬላት እሄዳለሁ። ብልቃጡን ግን ይዤው ነው የምሄደው፤ አንዲት ኪኒን ብቻ ነው የምተውላት።»

«እሺ።»

«አንድ ሰዓት ላይ፣ አጎቴ።»

አጎቴ አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ሳስበው ዋልሁ… ይቅርታ ነው ወይስ ትእዛዝ? ትእዛዝ ነው። ይበቃኛል።

መጋቢት 6፣ ቅዳሜ

ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣሁ። ተላጨሁ። ከረባት አሰርሁ። የስቱዲዮው ሰዓት ጠረጴዛዬ ትይዩ ተሰቅሏል። አምስት ደቂቃ ሲቀረው ተቀመጥሁ፤ ስልኩን ከፊቴ አደረግሁ። መሥራቱን ሁለት ጊዜ አረጋገጥሁ። ለከተማው ሁሉ ስናገር እንዲህ ሆኜ አላውቅም።

ቆጣሪዋ ዐሥራ ሁለትን ስትነካ እኅቴ አነሣች።

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ፤ ጊዜው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው።»

ቀስ ብላ፦

«አንተ ነህ ወይስ ቀረጻው?»

«እኔ ነኝ።»

«ቀረጻውም እንዲሁ ነበር የሚለው።»

«እሱ ስትጠይቂው አይመልስም።»

«እኔ ምን አውቃለሁ ምን እንደሚያደርግ? እናንተ ማሽኑን ያላስተማራችሁት ነገር የለም።»

ምን ልበል? ስሜን ልንገራት? ስሜንም ቀድቼዋለሁ። ከሠላሳ ስምንት ዓመት በኋላ እኔ መሆኔን የማስረዳበት አንዲት ቃል አጣሁ። ኪኒኗ መዳፏ ውስጥ እንዳለች ታውቆኛል። ትንፋሿ ይሰማኛል። እኔም ዝም፣ እሷም ዝም…

በድንገት አስነጠሳት።

«ይማርሽ» አልሁ። ሳላስበው።

ከዚያ ብርጭቆ ሲነሣ ሰማሁ።

«አንተ ነህ» አለች። ቀጥላም፣ «ስንት ሰዓት ነው ያልከኝ?»

ቀና ብዬ አየሁ። አንድ ሰዓት አልነበረም። አንድ ሰዓት ከሁለት ደቂቃ ነበር።

እንዳየሁት ነገርኋት።