ከኋላዬ ሲጥ ሲጥ የሚለው ብስክሌት

ሰኞ፣ የካቲት 5

ዛሬ ሦስት ቀሚስና አንድ ሱሪ አደረስኩ። አክስቴ ትሰፋለች፣ እኔ በብስክሌት አደርሳለሁ። ትምህርት ካቆምኩ ወዲህ ሥራዬ ይኸው ነው። ደስ ይለኛል። በር ላይ "ከልብስ ሰፊዋ ነው" ማለት ብቻ... ሌላ ወሬ የለም። መንገድ ላይም ሰው ቀና ብሎ ሊያየኝ ሲል እኔ አልፌያለሁ።

ድልድዩ ጋ ግን... ነገ እጽፈዋለሁ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 6

ድልድዩ ላይ የሚቀመጥ አንድ ጎረምሳ አለ። ባለ ኮፍያው እለዋለሁ። ትናንት ኮርቻውን ከኋላ ያዘብኝ። "አትናገሪም? ድዳ ነሽ እንዴ?" አለ። እጁ ኮርቻው ላይ ብቻ አልቀረም። ጓደኞቹ ሳቁ። ሲበቃው ለቀቀኝ። ምንም አላልኩም። ለምን ምንም አላልኩም?

ድልድዩ ዳር ያለችው ዳቦ ሻጭ ሲይዘኝ አይታ ኖሮ ለአክስቴ ነገረቻት። አክስቴ ለእማዬ፣ እማዬ ለአባዬ። ያልተናገርኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ረቡዕ፣ የካቲት 7

ማታ ስለ እኔ ሸንጎ ተቀመጡ። እኔ ጥግ ላይ ቁልፍ እተክላለሁ።

እማዬ፦ "ብስክሌቱ ይሸጥና እንረፍ።"

አክስቴ፦ "ልብሱን ማን ያድርስልኝ ታዲያ፣ እርግብ?"

አባዬ፦ "ትሂድ። ባዶ እጇን ግን አትሄድም።"

እማዬ ወደ እኔ ዞረች። "ደግሞ አንድ ነገር ከሰው አፍ ብሰማ፣ ያ ብስክሌት እዚህ ቤት አያድርም።" አውቃታለሁ... ካለች አለች ነው።

ሐሙስ፣ የካቲት 8

ብስክሌቴ ጦር ሜዳ የሚዘምት መሰለ። አባዬ በያጅ ነው። ከብስክሌቱ አግዳሚ ብረት ላይ ማቀፊያ በይዶ አጭር የብረት ቧንቧ ሰካበት። እማዬ ፊሽካ አንገቴ ላይ አሰረችልኝ። አክስቴ መቀስ ሰጠችኝና ወዲያው ሐሳቧን ቀየረች። "አይ፣ እሱስ ደህናው መቀሴ ነው" ብላ ወሰደችው። በምትኩ በርበሬ በውሃ በጥብጣ፣ በጨርቅ አጥልላ፣ ባለቀ የሽቶ ጠርሙስ ሞላችልኝ። "ዓይኑ ላይ ነው። እንደ ሽቶ አንገቱ ላይ እንዳትረጪለት ደግሞ።"

ፊሽካውን አፌን ትራስ ውስጥ ቀብሬ ሞከርኩት። እኔው አፈርኩ።

ዓርብ፣ የካቲት 9

ቧንቧው ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር ይንኳኳል። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ለአባዬ "ድምፁ..." አልኩት። ከዚያ በላይ አልወጣልኝም። "አልወደድሽውም?" አለኝ። ፊቱ ትንሽ ከፋው። ማታ ወጥቼ ሳይ ቧንቧውን ዙሪያውን በአሮጌ ጎማ ጠቅልሎታል። መቼ እንደሠራው እንጃ። አሁን ትንፍሽ አይልም። እንደ እኔ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 10

ምን ብዬ ልጀምረው...

ከገበያው ስወጣ ከኋላዬ ብስክሌት ሰማሁ። ሲጥ፣ ሲጥ፣ ሲጥ። ስፈጥን ይፈጥናል። ባልለመድኩት መንገድ ታጠፍኩ፣ ታጠፈ። ጠርሙሱን አወጣሁ። እየነዳሁ ዞር አልኩና ዓይኔን ጨፍኜ ተጫንኩት።

ነፋሱን ማን አሰበው? ግማሹ ወደ ኋላ ሄደ፣ ግማሹ ፊቴ ላይ ተመለሰ። ሣር ላይ ወደቅኩ። ከኋላዬም ሌላ ሰው ሲወድቅ ሰማሁ። ከዚያ ሳል። ከዚያ፦

"ሚጣዬ... እኔ ነኝ።"

አባዬ። ከሥራ ቦታው ጥበቃ ብስክሌት ተውሶ።

ዓይኔን ላሽ ስል እጄን በዳበሳ ፈልጎ ያዘው። "አትሺው። ዓይን ሲቃጠል አይታሽም። እኔን ብየዳ አስተምሮኛል።" የምሳውን ውሃ እያፈሰሰ መጀመሪያ የእኔን አጠበልኝ። ለእሱ የተረፈው ትንሽ ነበር።

"ስንት ዘመን ስበይድ እንዲህ ያቃጠለኝ የለም" አለ። ሳቅኩ። እያለቀስኩ ሳቅኩ።

"ለምን ተከተልከኝ?"

"ምን እንዳደረገሽ አልነገርሽኝማ። የማላውቀውን ነገር እንዴት አድርጌ ልጠብቅሽ?"

ዓይናችን ተጨፍኗል፣ የሁለታችንም። እሱ አያየኝም፣ እኔም አላየውም። ነገርኩት። የእጁንም። አባዬ ሣሩን ሲነጭ ይሰማኛል። ከዚያ "ያሳፈረሽ እሱ ነው እንጂ፣ አንቺማ ምን የሚያሳፍር ሠራሽ" አለኝ።

እማዬ ቀይ ዓይናችንን አይታ ደነገጠች።

"ብየዳ ነው" አላት።

"እሷም በየደች?"

"አገዘችኝ።"

እሁድ፣ የካቲት 11

አባዬ ግቢ ውስጥ አለማመደኝ። እየነዱ መርጨት የለም። ቁሚ። ውረጂ። ብስክሌቱን በአንቺና በእሱ መካከል አድርጊ። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ እዪ። ባለ ኮፍያውን ሆኖ እየተንጎራደደ ይመጣል፣ ግን ጎረምሳ መሆን አልቻለበትም። አክስቴ በመስኮት፦ "እንዲህ ያለውንስ እኔም በመርፌ እመልሰዋለሁ።"

ማክሰኞ፣ የካቲት 13

ድልድዩ ላይ ነበር። "ድዳዋ መጣች" ብሎ ተነሳ። አባዬ ዛሬ አልተከተለኝም፣ ሥራ ላይ ነው። ወረድኩ። ብስክሌቱን መሃል አደረግሁ። ጠርሙሱን አሳየሁት።

"እጅህን ሰብስብ።"

ድምፄ ቀጭን ነበር... ግን ተሰማ። ጓደኞቹ አልሳቁም።

"ስቀልድ እኮ ነው" አለ።

"እኔ ግን እየቀለድኩ አይደለም።"

ዳቦ ሻጯ ከበርጩማዋ ተነስታ አጠገቤ ቆመች። ባለ ኮፍያው መንገዱን ለቀቀልኝ። ሳልረጭ አለፍኩ።

ቤት ስገባ እማዬ ድስት ታጥባለች፣ አባዬም ከሥራ ገብቷል። ከዳቦ ሻጯ ከመስማቷ በፊት አልኩ... "እማዬ፣ ድልድዩ ጋ..." እጇ ውሃው ውስጥ ቆመ። የዚያን ሰኞውን ነገርኳት። የዛሬውንም። የቅዳሜውን በርበሬም ነገርኳት፣ አባዬ ሹልክ ብሎ ወጣ።

እጇን በቀሚሷ አደረቀች፣ ጉንጬን ያዘች፣ ለቀቀችው። ተመልሳ ድስቷን አነሳች።

"ነገ የምታደርሺው የት ነው?" አለችኝ።