በኮምፒውተር የሞላሁት ሐይቅ

ጥር 6
ለቪዲዮ ማቀነባበሪያችን አዲሱ የውሃ ፕለጊን ዛሬ ተጫነ። ቪዲዮው ላይ ቦታ ትመርጫለሽ፣ ማዕበሉን ትወስኛለሽ፣ ውሃ ይሞላል። ለሙከራ የቢሮውን ኮሪደር ሞላሁት። አለቃዬ እስከ አንገቱ ሰምጦ ስልክ ያወራል። ሳቅን።

ጥር 9
አንድ የሎጅ ባለቤት ማስታወቂያ ላሠራ ብሎ መጣ። ያመጣውን ቪዲዮ ስከፍተው ክው አልኩ። የእኛ ሐይቅ ነው... ሐይቅ ከተባለ። ጭቃው ተሰነጣጥቋል። አባባ ዕድሜ ልኩን ዓሣ ያጠመደባት ጀልባ መሀሉ ላይ በጎኗ ተጋድማለች።
«እንደ ድሮው አድርጊልኝ» አለ ሰውዬው። «ያቺን አሮጌ ጀልባ ደግሞ አጥፊያት።»
አባባ አያውቅም። ለልብ ሕመሙ እኔ ጋ ከመጣ ወዲህ ነው የደረቀው። አገር ቤት ያለው ወንድሜ በስልክ «ውሃው ደህና ነው» ይለዋል። ተማክረን ነው። ልቡ አይችለውም ብለን።

ጥር 13
ሥራውን ቤት ይዤ መጣሁ። ምን ነክቶኝ ነው? ሻይ ጥጄ ስመለስ አባባ ስክሪኑ ፊት ቁጭ ብሏል። ውሃው ይንቀሳቀሳል፣ ፀሐይ ላዩ ላይ ታብለጨልጫለች።
«ሞልቷል እኮ» አለ። «የወንድምሽ ድምፅ ደስ አይለኝም ነበር። የሆነ ነገር ደብቀውኛል እያልኩ ስብሰለሰል ነው የከረምኩት።»
ከዚያ ጠጋ ብሎ አየ። «ጀልባዬስ?»
«ወንድሜ... ይዟት ወጥቶ ይሆናል።»
አፌ እንዴት እንደታዘዘልኝ እንጃ።

ጥር 14
ምሳውን ጥርግ አድርጎ በላ።

ጥር 17
ሻንጣውን አዘጋጅቷል። «ብሞትም እዚያው ልሙት፣ ቅዳሜ አሳፍሪኝ» ይላል። ለወንድሜ ደወልኩለት። «አንቺ ያመጣሽውን አንቺው ተወጪው» አለኝ። እውነቱን ነው። ሄዶ በዓይኑ ቢያየውስ? እዚያው ተደፍቶ ቢቀርስ?

ጥር 18
አባባን አስቀመጥኩትና ቪዲዮውን ከፈትኩ። ፕለጊኑ ውሃውን እንደ አንሶላ ከላይ ነው የሚደርበው፣ በአንድ ጠቅታ ይነሳል። አነሳሁት። ጀልባዋን የሸፈንኩበትንም አነሳሁ።
አባባ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። ትንፋሹን እያዳመጥኩ ነበር። መድኃኒቱ እጄ ላይ...
«ውሃውስ ይሁን» አለ በመጨረሻ። «እሷን ለምን አጠፋሽብኝ?»
ሰውዬው አጥፊያት ስላለኝ ልበል? አፈርኩ።

ጥር 20
ጀልባዋን ውሃው ላይ አንሳፈፍኳት። ለማስታወቂያው አይደለም፣ ለእሱ ብቻ። ማዕበሉን ያስመረጠኝ ራሱ ነው። «ቀስ አድርጊው፣ ጠዋት ጠዋት እንዲህ አትናጥም» እያለ። ሲያልቅ አንድ ጊዜ አየና «በቃ፣ ዝጊው» አለኝ።

ጥር 23
ሻንጣው አልጋው ሥር ገብቷል፣ ባዶውን። ቅዳሜን አላነሳም፣ እኔም አልጠየቅኩትም።
ወንድሜ ደወለ። ለአባባ እንዳሳየሁት አልነገርኩትም ነበር። ስልኩን ለአባባ ሰጠሁት፣ ወንድሜም እንደልማዱ ጀመረ። «ውሃው ደህና ነው አባባ፣ መንገዱ ነው የተበላሸው፣ ለጊዜው አትምጣ።»
«ጀልባዋን ፍለጣት» አለው አባባ። «ምስጥ ሳይጨርሳት ለማገዶ ትሁናችሁ።»
የወንድሜ ለቅሶ እኔ ድረስ ተሰማኝ። አባባ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ያባብለዋል። «አይዞህ ልጄ... አይዞህ፣ አውቄያለሁ።»