ወፏ የጻፈችው ስም

ሰኞ
ፈሪ ናት አልሁ በልቤ። ሰላምን ነው፤ ከደሴ መጥታ ቡሬ ከተማ በማታ ትምህርት ፊደል የምታስቆጥረኝ፣ እኔ ግቢ የተከራየችው መምህርት። ዛሬ ከቡሬ ስንመለስ ባሕር ዛፉ ጋ ነጠላዋን ጭብጥ አደረገች።
«እትዬ የሺ፣ እርስዎ አይፈሩም?»
«እኔ? የማን ልጅ እንደሆንሁ ዛፉም ያውቃል! ጅቡ እንኳ እጅ ነስቶኝ ነው የሚያልፍ።»
ሳቀች። ነጠላዋን ግን አልለቀቀችም።

ማክሰኞ
 ከቀትር በኋላ ከባሕር ዛፉ ጩኸት ሰማሁ። ዱላዬን ይዤ ሮጥሁ። ሰላም ወድቃለች፣ ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ ተቀዷል። ሊደፍራት የያዛትን ወንድ ክንዱን ነክሳ ነው ያመለጠችው። ፊቱን በጋቢ ስለሸፈነ አላየችውም። እኔ ግን ሲሮጥ ጋቢው ሲወልቅ አየሁት።
ጌትዬ! የባሌ የክርስትና ልጅ። ሠርጉ ላይ እስክስታ የወረድሁለት።
ለማንም አልነገርሁም። ለሷም።

ረቡዕ
ሰላም ሻንጣዋን እየከተተች ነው። «ፖሊስ ጋ ሄጄ ማን ልበል? ዘመድ የለኝ እዚህ። ቅዳሜ እሄዳለሁ።»
ሽማግሌዎቹ መንደሩን ሁሉ ለነገ አውጫጭኝ ጠርተዋል። ጥፋተኛው ሳይታወቅ ወደ ቤት መሄድ የለም። ያየ ሰው ስብሰባውን ለሚመራው ዳኛ በጆሮ ይነግራል፤ ዳኛው «ወፍ ነገረችኝ» ይላል እንጂ የተናገረውን አይጠራም።
ባሌ እራት ላይ «የባዕድ ነገር ነው፣ ምን አገባን» አለ። መሶቡን አነሣሁ።

ሐሙስ
ብልጥ ነኝ ብዬ! ሳንሾካሹክ ያዩኛል አልሁና በወረቀት ጻፍሁት። ጌ፣ ት፣ ዬ። አንድ ፊደል አልሳትሁም። በግፊያው መሀል ዳኛው እጅ ላይ ጣል አደረግሁት።
ዳኛው ፊደል ስለማይለይ የደብራችን ቄስ አነበቡት። ጌትዬ፣ ክንድህን ገልጠህ አሳይ ተባለ። የጥርስ ምልክት! ፖሊስ ወሰደው።
ወረቀቱ ግን ከእጅ እጅ ዞረ። ፊደሉ እንደ ፍየል ቀንድ የተጣመመ፣ የጀማሪ ጽሕፈት። ከመንደራችን ጀማሪ ማን አለ? ሦስት ወር ሙሉ «ጻፍሁ፣ አነበብሁ» እያልሁ በየደጁ የደነፋሁት እኔ ብቻ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ዓርብ
የጌትዬ እናት ሰላምታዬን አልመለሱም። ባሌ ጀርባውን ሰጥቶኝ ዋለ። ጠዋት ደጃፌ ላይ የተወረወረ ድንጋይ አገኘሁ።
ሰላም ሻንጣዋን ፈታች። «እርስዎን ጥዬ?» አለች።
ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ትምህርት ወጣን። ባሕር ዛፉ ጋ ስንደርስ ነጠላዬን ጨብጫለሁ፤ መቼ እንደጨበጥሁት አላውቅም። የጅቡን ቀልድ ልደግም አልሁ፤ አልመጣልኝም።
«እትዬ፣ እኔ ፊት ፊቱን አያለሁ። እርስዎ ኋላውን ይዩ» አለችኝ።
እንዲያ ሆነን አለፍን።