አባዬ በዓይኑ የለካው ዊልቸር

ኅዳር 3

የዊልቸር መቀመጫ ሸራ ስሰፋ ዋልኩ። ሰማያዊው አልቆ ቡኒ መጣልን። ደንበኛ ቡኒ አይወድም... «የቢሮ ወንበር መሰለ» ይላሉ። እውነታቸውን ነው።

አንድ አዛውንት መጡ፤ አባዬ ለካቸው። ዳሌ፣ ጭን፣ ከጉልበት እስከ ተረከዝ። «በየጎኑ ሁለት ጣት» ይላል ሁልጊዜ። ከዳሌው ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ጣት ክፍተት፤ ከዚያ ከሰፋ ሰውየው ይንጋደዳል፣ እጁም ጎማውን በደንብ አይደርስበትም። ሽማግሌው ሰለቻቸው።

«ሱፍ ልታሰፋልኝ ነው እንዴ?»

«ከሱፍ ይብሳል አባቴ። ሱፍ ማታ ይወልቃል።»

በያጃችን ከት ብሎ ሳቀ። «ሬዲዮ» ነው የምንለው፤ ብየዳው ሲቆም እንኳ አፉ አይቆምም።

ቤት ስገባ እማዬ እንደ ጠዋቱ... ፊቷ ወደ ግድግዳ። የወገቧ ሕመም እግሮቿን ከያዘባት ወዲህ አልጋው ላይ ነች። ለሰው ሁሉ ዊልቸር እንሠራለን። እኛ ቤት ግን ስሙም አይነሳ። አባዬ ይፈራታል። እኔስ?

ኅዳር 5

ደፈርኩ። ሜትር ይዤ ገባሁ።

«ምንድነው እሱ?»

«ምንም... ልለካሽ ብዬ።»

«ሰው ተኝቶ የሚለካው ለሣጥን ነው።»

ሜትሩን ኪሴ ከትቼ ትራሷን አስተካከልኩ። ዞር ስል አባዬ በሩ ላይ ቆሟል። ሰምቷል።

ኅዳር 6

አባዬ ማንንም ሳያናግር ቧንቧ ማጠፍ ጀመረ።

«የማን ነው?» አልኩት።

«የእናትሽ።»

«ሳትለካት?»

«ይህን ሁሉ ዘመን አብሬያት ኖሬ ልኳ ይጠፋኛል?»

ሬዲዮ የብየዳ መከለያውን ከፍ አደረገ። «ጋሼ፣ እኔ እኮ የሚስቴን የጫማ ቁጥር አላውቅም!»

«አንተ የራስህንም አታውቅም።»

ለሌላ ሰው ቢሆን ሳይለካ አንድ ቧንቧ አይቆርጥም። ዛሬ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ በሁለት እጁ አየሩ ላይ ስፋቷን ሠራ... ፈገግ አለ። ምን ታይቶት ይሆን?

ኅዳር 10

ሸራው የኔ ድርሻ ነው። የወይን ጠጅ ቀለም ገዛሁ፤ ትወደዋለች። ጠርዙን ደርቤ ሰፋሁት። ስቆርጠው ሰፋ ያለ መሰለኝ... ልኩን የሰጠኝ አባዬ ነው ብዬ ዝም አልኩ። አሁን ሳስበው፣ እኔም የምሰፋው ለያቺ ለድሮዋ እማዬ ነበር መሰለኝ። ቆማ ስትስቅ በሩን ለምትሞላው።

አባዬ ጎማዎቹን እያሾረ ጆሮውን አስጠግቶ ሲያዳምጥ አመሸ። ሙሽራ ሊድር እንጂ ዊልቸር ሊያስረክብ አይመስልም።

ኅዳር 13

ጠዋት ገባን። አባዬ ፀጉሩን አበጥሯል። «አንዴ ብቻ ተቀመጪና ካልወደድሽው አወጣዋለሁ» አላት። እንቢ አላለችም። አቅፎ አነሳት፤ አስቀመጣት።

ሰጠመች። ሌላ ቃል የለኝም። በግራ ክፍት፣ በቀኝ ክፍት። ጎማውን ልትይዝ እጆቿን ስትዘረጋ እንደ ወፍ ክንፍ ተከፈቱ። ትንሽ ገፋችና ትከሻዋን ይዛ ተወችው።

«የማን ነው ይሄ?»

«ያንቺ ነዋ...»

«ለእኔና ለእህቴ ነው የሠራኸው? አብረን እንድንቀመጥ?»

አባዬ ተንበረከከ። ክፍተቱን በጣቱ ሊለካ እጁን ሰደደ። ሁለት ጣት የሚለው ሰውዬ... መዳፉ በሙሉ ገባ። እዚያው ቀረ፤ ማውጣትም አቃተው።

«እንዲህ ቀጥነሻል?»

«በየቀኑ እያነሳኸኝ?»

«ሳነሳሽ... ያው አንቺ ነሽ።»

ከዚያ አለቀሰ። አባዬ! ወዴት እንደምመለከት ጠፋኝ፤ መጋረጃውን ማስተካከል ጀመርኩ።

እማዬ አየችው። ከዚያ አናቱ ላይ እጇን አሳረፈች።

«ዳሌ ነበረኝ አይደል?»

«ነበረሽ እንጂ! መንገድ ያዘጋ ነበር።»

ሳቀች። እስክታስል ድረስ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፣ አለቀስኩም፤ የቱ እንደቀደመ አላውቅም።

«በል ሜትርህን አምጣ» አለችው ዓይኗን እየጠረገች። «ግን እንዲሁ ቁጭ እንዳልኩ ነው። ተኝቼ አይሆንም።»

ለካት። ሜትሩን ያዢልኝ ያለው እኔን አይደለም፤ ጫፉን እሷ ራሷ ያዘች።

ኅዳር 15

ደንበኛ ሆና አረፈችው! የእጅ ማሳረፊያው የሚነቀል ይሁን፤ አልጋው ላይ ስትሻገር እንዳያግዳት። በጎን ኪስ ይሰፋላት፤ መስተዋትና ስልክ መያዣ። የእግር ማሳረፊያው ከፍ ይበል፤ «እግሬ ተንጠልጥሎ እንደ ሕፃን ልታዩኝ ነው?» ቀለሙን ግን አልነካችም። ደስ አለኝ።

ሰፊውን ዊልቸር አጥብቦ ሊበይደው ሬዲዮ አነሳው፤ አባዬ ተቀበለው። ራሱ ቆረጠው። መጋዙን ሲገፋ አላየሁትም፤ ዞሬ ነበር።

ኅዳር 20

ልክ ነው። በየጎኑ ሁለት ጣት። አባዬ ሦስት ጊዜ ጣቱን ከተተ። «በቃህ፣ ትኮረኩረኛለህ» አለችው።

ኅዳር 22

የጠረጴዛውን እግር ገጨች፤ ብርጭቆ ተሰበረ። እጇም ውኃ ቋጥሯል። ለሚመጣው ሰው ሁሉ መዳፏን ትዘረጋለች፤ ቀለበት የገዙላት ይመስል።

ኅዳር 25

አባዬ የደጁ ደረጃ ላይ የብረት መወጣጫ በየደ። እማዬ እስከ አጥሩ በር ወጥታ ተመለሰች። «ፀሐዩ በረታ» አለች። ፀሐይ አልነበረም... ፈርታ ነው።

ታኅሣሥ 2

ከሥራ ስንመለስ አልጋው ባዶ። ዊልቸሩም የለም። ሳሎን፣ ጓዳ፣ ደጅ... የለችም። አባዬ ደወለላት፤ ስልኩ ብርድ ልብሱ ውስጥ ጮኸ። ጫማውን ገልብጦ አድርጎ ወጣ። እኔ በላይ በኩል፣ እሱ በታች በኩል። ዳቦ ሻጩ «ቅድም ሲያልፉ አይቻለሁ፤ ሰላምም አሉኝ» አለኝ። ወዴት? «እኔ ምን አውቄ።»

ተስፋ ቆርጠን ቤት ስንገባ መጣች። መወጣጫው ላይ ራሷ እየገፋች፣ እያለከለከች። ፀጉሯን ተሠርታ! ጥግ ላይ ያለችው ፀጉር ሠሪ ጋ ነው የዋለችው።

አባዬ ፈነዳ። «ለሰው አይነገርም? ልቤ ሊቆም ነበር እኮ!»

«እና አስፈቅጄ ልውጣ?»

«ስልክሽን ለምን ጥለሽ ሄድሽ?»

«ረሳሁት። አንተ ስንቴ ረስተሃል?»

«እኔን ተይኝ! መንገዱ መኪና ነው፣ ጉድጓድ ነው...»

«ጉድጓዱን አልፌዋለሁ። ከፈለግክ ነገ አሳይሃለሁ።»

ከታመመች ወዲህ ድምፁን ከፍ አድርጎባት አያውቅም። ሁላችንም እኮ እንደ እንግዳ፣ ቀስ ብለን ነበር የምናናግራት። ዛሬ ጮኸባት፤ እሷም ጮኸችበት። ፊቷ ግን ቢታይ... ቀልቶ፣ ጉንጯ አብርቶ።

ራት አቀረብኩ፤ የነካው የለም። እሱ «ካሁን በኋላ እኔ ሳልኖር...» ይላል። እሷ «ሐሙስ ገበያ ነኝ» ትላለች። አሁንም አላቆሙም።

ገላጋይ ልግባ? ምን ቆርጦኝ! በሬን ገርበብ አድርጌ እየሰማኋቸው ነው።