በጾም የተተመነው ቅቤ

ለተከበሩ የቅቤ ዋጋ ማረጋጊያ ግብረ ኃይል ሰብሳቢ
ደብረ ታቦር

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ ዕድሜዎም እንደ ስብሰባዎ የረዘመ ይሆን ዘንድ ልባዊ ምኞቴን እገልጻለሁ። እኔ በጋፋት አንዲት ላም ይዤ፣ የናጥሁትን ቅቤ በየገበያው ቀን ከተማ እያወጣሁ ሁለት ልጆች የማሳድግ ሴት ነኝ፤ ወይም እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ድረስ ነበርሁ። አሁን ላሚቱ የለችም። ለዚህ ያበቃኝን ውለታዎን በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ነውር ስለሚሆንብኝ ይህን ጻፍሁ።

፩ኛ፦ በሁዳዴ አጋማሽ ባለሙያዎችዎ ገበያችን ድረስ መጥተው ቅቤያችንን በደረጃ ለመለየት ስለደከሙ አመሰግናለሁ። ቅቤ የሚገዛ ሰው በጣቱ ጨልፎ ይቀምሳል፣ በመዳፉ አሽቶ ያሸታል። የእርስዎ ሰዎች ግን ጿሚዎች ስለነበሩ መቅመሱን ተዉት፤ የቡድኑ መሪ አቶ ደጀንማ ሽታውም እንዳያስገድፋቸው ሰግተው አፍንጫቸውን በመሐረብ ሸፍነው ነበር የዞሩት። ጾማቸውን አከብራለሁ፣ እኔም ጿሚ ነኝ። ነገር ግን ጾሙ እስኪፈታ መጠበቅ ሲቻል በዐይን ብቻ ፈርደው ቢጫ የሆነውን ሁሉ አንደኛ፣ ነጣ ያለውን የኔን ሦስተኛ ደረጃ አሉት። በበጋ ገለባ የምትበላ ላም ቅቤዋ እንደሚነጣ የጋፋት ሕፃን ያውቃል። ያ ሁሉ ቢጫ በበጋ ከየት እንደመጣ ግን የጠየቀ አልነበረም።

፪ኛ፦ ያንኑ ቢጫ ቅቤ በመንግሥት ድጎማ ገዝተው በሸማቾች ሱቅ ስላከፋፈሉልን እግዜር ይስጥልን። ሕዝቡ ለፋሲካ ዶሮውን ሲሠራ ግማሹ የሚረጋ ዘይት መሆኑን ድስቱ ላይ ደረሰበት። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር፤ በድጎማ እንደምትታለብ ያወቅሁት ዘንድሮ ነው። አቅራቢው ማን እንደሆነ ብንጠይቅ ጉዳዩ በመጣራት ላይ ነው ተባልን።

፫ኛ፦ ዋጋው። በጾም ቅቤ ፈላጊ ስለሌለው ይረክሳል፤ ያን ጊዜ የሚሸጥ የጨው መግዣ ያጣ ብቻ ነው፣ ሌላው ለፋሲካ ያስቀምጣል። እርስዎ ግን የሁዳዴው ዋጋ ለፋሲካም ጣሪያ እንዲሆን ደነገጉ። እኔም ያስቀመጥሁትን አውጥቼ ከዚያ ከፍ ያለ ዋጋ ስጠራ ሰዎችዎ ያዙኝና ቅቤውን ከነማሰሮው ወረሱት። ማሰሮው የእናቴ ስለነበር ባዶውን እንኳ ቢልኩልኝ ምስጋናዬ ይጨምራል። ለፉርሽካ ጣሪያ ማውጣቱን ግን ስለዘነጉት ነጋዴው እንደ ልቡ ጨመረበት፤ ላም ደግሞ መመሪያ አንብባ አትጠግብም። ላሜን ዳልቻን ለአንድ የይፋግ ነጋዴ ሸጥኋት። ገመዷን ሳቀብለው አለቀስሁ፤ ልጆቼም ከዚያ ቀን ወዲህ ወተት በአፋቸው አልዞረም። ተቆጥቻለሁ፣ ክቡር ሆይ። በጨዋ ቃል የምጽፈው እናቴ ጨዋ አድርጋ ስላሳደገችኝ እንጂ ለእርስዎ ስለሚገባ አይደለም።

ውለታዎን ዘርዝሬ የማልጨርስ፣ ለሥልጣን ዘመንዎ ማጠር ተግቼ የምጸልይ፣ የቀድሞዋ ባለ ላም

ዓለሚቱ ሙላቴ
ከጋፋት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለቤትዎን እንኳን ማርያም ማረቻቸው። ባለፈው ሳምንት አማትዎ ወይዘሮ ብርቱካን ቤቴ ድረስ መጥተው፣ የሱቁ አንደኛ ደረጃ ቅቤ ለአራስ ገንፎ እንደማይሆን ነግረውኝ፣ ከጣሪያው እጥፍ ልክፈል እያሉ ያልተቀላቀለ ቅቤ ለመኑኝ። አራሷ ስላልበደለችኝ ከዳልቻ የቀረችኝን የመጨረሻዋን ቅቤ ያለ ዋጋ ሰጠኋቸው። ሲወጡ ለሚመጣው ሳምንትም እንዳስቀምጥላቸው አደራ ብለውኛል። ባዶውን በረት ላሳያቸው አፈርሁ፤ እባክዎ እርስዎ ይንገሩልኝ።