ፊደል ቀይረው የሄዱ ዘፈኖች

ለምወድሽና ከእማዬ ቀጥሎ ለምፈራሽ ለእታለም፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናሽ እንዴት ነው? ሲበርድ የሚቀሰቀሰው ትከሻሽስ ተሻለው? የእማዬ ጉልበት ደረጃ መውጣት ፈቀደላት ወይስ አሁንም ከታች ሆና በጩኸት ነው ቤቱን የምታስተዳድረው? አጎታችን ራዲዮስ ደህና ነው? ድምፁን መቀነሻ እስካሁን እንዳላገኛችሁለት አውቃለሁ። እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ ልል ነበር፤ ግን ውሸት ይሆንብኛል። ናፍቆቱስ ደህና ነው፤ እኔ ነኝ ደህና ያልሆንኩት።

እዚህ ላይ ስትደርሺ «ይሄ ልጅ ደግሞ ዛሬ ምን ሊሠራኝ ነው» ብለሽ ከንፈርሽን እንደምታሞጠሙጪ ይታየኛል። ቀልድ አይደለም። የማዘጋጃ ቤት ሰው ነኝ ብዬ ደውዬ ድመታችንን አስመዝግቢ ባልኩሽ ቀንም «ቀልድ አይደለም» ብዬሽ ነበር፤ አውቃለሁ። አሁን ግን አስቢው፤ እኔ ወረቀት ገዝቼ፣ ቁጭ ብዬ፣ ገጽ ሙሉ ስጽፍ አይተሽ ታውቂያለሽ? ለማላገጥ ይህን ያህል የሚደክም ሰው የለም።

ስልክ ያልደወልኩት ስለፈራሁ ነው። አንቺ ስልክ ስታነሺ ድምፁን ከፍተሽ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጪና ሽንኩርትሽን ትከትፊያለሽ፤ ቤቱ በሙሉ ይሰማል። ብቻሽን ብትሆኚ እንኳ ፊትሽ ምስጢር አይዝም። የሰማሽውን ከግንባርሽ ላይ ማንበብ ይቻላል። ስለዚህ ይህን ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። መታጠቢያ ቤት ግቢና በሩን ቆልፊ፤ ራዲዮ ሲያንኳኳ ሆዴን ነው በይው።

ሥራዬ ጆሮ ላይ ነው ስልሽ «ደግሞ ብለህ ብለህ ሐኪም ሆንክ?» ብለሽ ስቀሽብኝ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ቢሮአችን ከአንድ ጫማ ቤት በላይ ያለች ክፍል ናት፤ ከታች የማስቲሽ ሽታ ይመጣል፣ መስኮቷ አይዘጋም፣ በውስጧ አራት ጠረጴዛ አለ። ዘፈን የሚያሰራጩ ድርጅቶች በየሦስት ወሩ የክፍያ መግለጫ ይልካሉ። የትኛው ዘፈን ምን ያህል ተሰማ፣ ለማን ተከፈለ የሚል ነው። አንዱ መግለጫ ቢዘረጋ ከቤታችን በር ተነስቶ ዳቦ ቤቱ ይደርሳል። ድሮ ሰው ነበር የሚያነበው፤ አሁን ፕሮግራም ነው። መስመር በመስመር ያነባል፣ ዘፈኖቹንም ያዳምጣል፤ የተሰማ ግን ለባለቤቱ ያልተከፈለበት ካገኘ፣ ወይም አንድ ዘፈን በሁለት ስም ተመዝግቦ ካየ ቀይ ያደርገዋል። እኔ ቀዩን አዳምጣለሁ። ማሽኑ «ሁለቱ አንድ ናቸው» ሲል ማዳመጫዬን አድርጌ «ልክ ነህ» ወይም «ተሳስተሃል ወንድሜ» እላለሁ። ዘጠነኛ ክፍልን ሁለቴ ጀምሮ አንዴም ላልጨረሰ ሰው ከዚህ የተሻለ ሥራ ከየት ይመጣል?

ባለፈው ሳምንት አንድ ፒያኖ ተጫዋች ሽማግሌ መጡ። «ዘፈኔ በየታክሲው ይሄዳል፣ እኔ ግን በእግሬ ነው የምሄደው፤ እስቲ ይህን ነገር እዩልኝ» አሉ። ፕሮግራሙ ሲያየው የእሳቸው ገንዘብ ወደ አንድ ስሙን ሰምተን ወደማናውቀው ድርጅት ሲፈስ ተገኘ። አለቃችን የዚያን ድርጅት ዘፈኖች በሙሉ አስገቡ አለ። ሲገቡ፣ ከመሃላቸው የማን ዘፈን ብቅ ቢል ጥሩ ነው? አንቺ የደረስሽው «የሐሙስ ዝናብ»።

ግን «የሀሙስ ዝናብ» ተብሎ። አንቺ በስምሽ ያስመዘገብሽው በሐመሩ ሐ ነው፤ ይሄኛው በሃሌታው ሀ። «ፀጉሬን ፈታሁት» የሚለው በጸሎቱ ጸ ሆኗል። «ሥዕልህ» ደግሞ ጭራሽ «ስእልህ» ተብላለች፤ ምስኪን፣ ራሷን ብታይ አታውቅም። መጀመሪያ ሳቅኩ። «አንተ ልጅ፣ ንጉሡን ሠ ከዙፋኑ አውርደህ እሳቱ ሰ ውስጥ ትከትተዋለህ» እያለች የምትቆነጥጠኝ የአማርኛ መምህራችን ትዝ አለችኝ። እንደ እኔ ያለ ደንቆሮ የትም አይጠፋም፣ ይኸው አንዱ የእህቴን ገንዘብ በፊደል አጠፋባት አልኩ። ምክንያቱም ዘፈኑ ሲሰራጭ የሚታየው ርዕስ በተሳሳተው ፊደል ነው፤ መዝገቡ ደግሞ ከፊደል ሌላ የሚያውቀው የለም። ገንዘቡ ፊደሉን ተከትሎ ይሄዳል። አንቺ ትክክለኛውን ፊደል ታቅፈሽ ቁጭ ብለሻል፤ ክፍያሽ በዚያኛው በር እየወጣ ነው። «ለአውቶቡስ እንኳ አይበቃም» እያልሽ የምትስቂበት ክፍያ ትንሽ የሆነው ሰው ዘፈንሽን ስላልሰማው አይደለም እታለም። ሰምቶታል። በጣም ሰምቶታል።

ደስ ብሎኝ «የእህቴ ነው! የእህቴ ነው!» እያልኩ ልጨፍር ስነሳ ሒሳብ ሠራተኛችን ሸሚዜን ይዛ አስቀመጠችኝ። እኔ «እትዬ ቀስ» ነው የምላት፤ ከአፏ ሌላ ቃል ስለማይወጣ። «ቀስ በል፤ ስህተት እኮ እንደ ሰካራም ነው፣ አንዴ ግራ አንዴ ቀኝ ይላል። ይሄ ተሰልፎ ነው የሚሄደው። እህትህ ሐ ባለችበት ሁሉ ሀ፣ ፀ ባለችበት ሁሉ ጸ። አንድም ቦታ አልሳተም። ይህን የጻፈው ፊደል የማያውቅ ሰው አይደለም፤ አሳምሮ የሚያውቅ ነው» አለችኝ። ጭፈራዬ እግሬ ላይ ቀረ።

በዚህ ቢያበቃ ኖሮ በስልክ ነግሬሽ አብረን እንራገም ነበር። ግን ከድርጅቱ ዘፈኖች አንዱ ከማንም ጋር አልገጠመም። ማሽኑ ሌላ ባለቤት ስላላገኘለት አረንጓዴ አድርጎ አለፈው። አረንጓዴ የእኔ ሥራ አይደለም፤ ያው ነገር መነካካት ልማዴ ነውና ለጨዋታ ከፈትኩት። የሕፃናት ዘፈን ነው፤ ልጆች በጭብጨባ ያዜሙታል።

«ድንቡሎ ድንቡሎ፣ አልጋ ሥር ተንከባሎ፣
ሲጠሩት ይመልሳል፣ የለሁም ብሎ ምሎ።»

እታለም፣ መልሼ ከመጀመሪያው ከፈትኩት። የጎረቤት መስኮት ሰብሬ አልጋ ሥር በተደበቅኩ ቀን አንቺ ያወጣሽብኝ ነው። የትም አላስመዘገብሽውም፣ ለማንም ዘፋኝ አልሸጥሽውም፣ ከሳሎናችን ወጥቶ አያውቅም። ለሌላው ሰው ድንቡሎ ዋጋ የሌላት ሳንቲም ናት፤ እኔ መሆኔን የሚያውቀው የቤታችን ሰው ብቻ ነው። አሁን የማላውቃቸው ልጆች በስሜ ያጨበጭባሉ።

ማን ሰምቶታል ብዬ ቆጠርኩ። እማዬ፣ ራዲዮ፣ አንቺ፣ እኔ። ከዚያ ዝናብ ያገደን ከሰዓት በኋላ መጣብኝ። እማዬ «እስቲ የድንቡሎን ዝፈኚለት» ስትልሽ ባለ መነጽሩ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ እየሳቀ ቀዳሽ። «ለማስታወሻ ነው» አለ። ዘፈኖችሽን በስቱዲዮው የሚቀርጸው እሱ፣ ወስዶ የሚያስመዘግብልሽ እሱ፣ ለአሰራጮቹ ርዕሱን ጽፎ የሚልከው እሱ፣ ከወር በኋላ የምታገቢውም እሱ።

እሱ ነው ብዬ አልምልም። ድርጅቱ ላይ ያለው ስም የእሱ አይደለም፤ ምናልባት ስልኩን የነካ ሌላ ሰው ይኖራል። እንዲህ እያልኩ ራሴን ሳባብል መልእክት ላከልኝ። «ድንቡሎ፣ ጥሩ ሥራ ያዝክ አሉ። የት ቢሮ ነው?» ይላል። ከዚያ በፊት ለእኔ ጽፎልኝ አያውቅም። ዳቦ ቤት ብዬ መለስኩለት። ማዳመጫ አድርጎ ዳቦ የሚጋግር ሰው የለምና ስለ ሥራዬ ቢጠይቅሽ አታውቂም። ከዚያ ቀን ወዲህ ደረጃው ላይ የጫማ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ልቤ ከእኔ ቀድሞ ጠረጴዛ ሥር ይገባል።

የምፈራው ደግሞ ክፉ ሰው ስላልሆነ ነው። ክፉ ቢመስል አልፈራም ነበር። እማዬን ሐኪም ቤት ያመላለሳት እሱ ነው፤ ስታለቅሺ ጸጥ ብሎ አጠገብሽ የሚቀመጠውም እሱ ነው፤ እኔ ብሆን አስቄሽ ነበር የማበላሸው። እንዲህ ያለ ሰው «ፈርሚ» ሲልሽ ሳታነቢ እንደምትፈርሚ አውቃለሁ። በቀደም በስልክ «ከሠርጉ በፊት ጠቅላላ ውክልና ልሰጠው ነው፣ የወረቀት ጣጣ ሰለቸኝ» ስትዪኝ «ገላገለሽ» ብዬ ስቄ ነበር። አሁን ያቺ ቃል እንቅልፍ ነሳችኝ።

ስለዚህ የምለምንሽ አንድ ነገር ነው፤ ውክልናውን አትፈርሚ። እትዬ ቀስ እንዳስረዳችኝ፣ ውክልናው ካለው በአንቺ ስም «የሚገባኝ ተከፍሎኛል፣ ጥያቄ የለኝም» ብሎ መፈረም ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ማሽናችን ቀይ ቢያደርግ ቢያረነጉድ ማንም አይሰማሽም። ካልፈረምሽ ግን ሒሳቤ ይመርመርልኝ ብለሽ ራስሽ ታመለክቻለሽ። እኔ ይህን መንገሬ ራሱ ያስባርረኛል፤ አለቃችን «ከዚህ ክፍል ወሬ ከወጣ አንተም ትወጣለህ» ብሎኛል። አትጣዪው፣ አትጠይቂው፣ ፊትሽንም አታሳዪው። ትከሻዬን አሞኛል፣ እጄ ብዕር አይይዝም በይ። ቀጠሮው የሚመጣው ሳምንት ዓርብ ነው ብለሽኛል፤ ይህን የሚያመጣልሽ የጭነት መኪና ሾፌር ረቡዕ ይደርሳል።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ምንም አትንገሪያት፣ ከሰማች ዱላዋን ይዛ ስቱዲዮ ትሄዳለች። ራዲዮን ሰላም በይልኝ፤ እሱማ ከሰማ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ ማለት ነው። ፎቁ ላይ ያለችውን ተከራያችንን ነርሷን፣ ጨውሽን እኔ አልነበርኩም በስኳር የቀየርኩት ብሏል በያት፤ አታምንም። ለድመቷም ሰላምታዬ ይድረሳት፤ የምዝገባ ጉዳይዋ በሂደት ላይ ነው። ባለ መነጽሩን ሰላም አላልኩትም።

ታናሽ ወንድምሽ ድንቡሎ
ከጫማ ቤቱ በላይ ካለው ቢሮ፣ ሐሙስ ጥር 23

ተጨማሪ፤ ፖስታውን ላሽግ ስል ደወልሽ። ሽንኩርት እየከተፍሽ ነበር። «ቀጠሮው ወደ ሰኞ ከሰዓት ተሳበ፣ እሱ ነው ያስቸኮለው፣ ተገላገልኩ» አልሽኝ። ከጎንሽ የእሱ ድምፅ «ድንቡሎ፣ ዳቦው እንዴት ነው?» አለ። አንቺ ሳቅሽ። እኔ «ይበስላል» ብዬ ዘጋሁት።

ሾፌሩ ለሰኞ አይደርስም። አለቃዬን እናቴ ታመመች ብዬ ፈቃድ ብጠይቀው «ደግሞ ማንን ልታስቅበት ነው?» አለኝ፤ ሳይፈቅድልኝ ወጣሁ። ይህን መስመር የጻፍኩት ጉልበቴ ላይ ነው፤ ፊደሉ የተወላገደው አውቶቡሱ ስላንገጫገጨኝ ነው፣ የቀረው ስህተት የራሴ ነው። በአፌ ብነግርሽ ገና ሳልጀምር ትስቂያለሽ። ስለዚህ በሩን ስትከፍቺልኝ ምንም አልናገርም፤ ወረቀቱን ብቻ አስይዝሻለሁ። አታስገቢኝ። ገብተሽ አንብቢው፣ እስክትጨርሺ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። ስትጨርሺ ከፈለግሽ ስደቢኝ፣ ከፈለግሽ በጥፊ በይኝ። ብቻ ሳትፈርሚ ነይና በሩን ክፈቺልኝ።

ከደጃችሁ፣ ሰኞ ጥር 27 ጠዋት